ሁለቱ የበረራ ደብተሮች

አብራሪ ለመሆን ጉብዝና ይበቃል የሚላችሁ ሰው ካለ፣ ወላሂ፣ ካርቱም አልኖረም። አብራሪ የሚያደርገው ወረቀት ነው። ሰው የበረረው እያንዳንዱ ሰዓት ደብተሩ ላይ ይጻፋል፣ አስተማሪው ከጎኑ ይፈርምበታል፤ ሰዓቱ ሲሞላ ፈቃድ ይጠየቃል። ከዚያ ሌላ ሰዓት፣ ከዚያ ሌላ ፈቃድ፣ እስከ ትልቁ አውሮፕላን ድረስ። ደብተሩ ከጠፋ አልበረርክም። ደመናው መጥቶ አይመሰክርልህም።

እናቴ የወሎ ሴት ናት፤ ዐማራት በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንድ ቤት ተቀጥራ ሃያ ዓመት ሠርታለች። አባቴ ሱዳናዊ ነበር፤ ዜግነቱን አውርሶኝ ሞተ፣ ሌላ የተወልኝ ነገር የለም። እኔ ካርቱም ዳር፣ ካላክላ ሰፈር አድጌ፣ በሳይንስ ክፍል ተምሬ፣ በሒሳብና በፊዚክስ ውጤቴ አንድ የበረራ ትምህርት ቤት ያለ ክፍያ ተቀበለኝ። እናቴ የምትሠራበት ቤት ልጅም እዚያው ገባ። እሱን ያስገባው የአባቱ ስልክ ነው። ከሥራ በኋላ እናቴን ልወስድ ስሄድ የነፋስ ስሌት አስረዳዋለሁ፤ እሷ ያፈላችውን ሻይ ፉት እያለ «ድገሚልኝ» ይለኛል። ክፉ ልጅ አልነበረም፣ አልዋሽም። ሁሉ ነገር ቀሎት ያደገ ልጅ ነው።

የምንበርረው አብረን ነበር። እሱ ሲያበርር እኔ ከኋላ፣ እኔ ሳበርር እሱ ከኋላ። ከኋላ የተቀመጡበት ሰዓት አይቆጠርም። ደብተሮቻችንም አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ጥቁር ልባስ፣ ስሙ ያለው ከውስጥ ብቻ።

ሰዓቴን በሞላሁ ሳምንት እናቴ ደብተሩን ከእጄ ወሰደችው። የጭቃ ቤታችንን ምስጥ ወርሶት ነበር፤ የልደት ወረቀቴን ግማሹን በልቶታል።

«ሲት ቤት የብረት ዶላብ አለ» አለችኝ። ሲት የምትላት አሠሪዋን ነው። «ልጃቸውም የራሱን እዚያ ነው የሚያስቀምጠው።»

«እማ፣ ተይ፤ እኛው ጋ ይሁን።»

«አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ! ሃያ ዓመት የበላሁበት ቤት እኮ ነው።»

የበላሁበት አለች! ያበላችበት አትልም። በሳምንቱ ጦርነቱ ፈነዳ።

እኛ ወደ ገዳሪፍ፣ እነሱ ወደ ግብፅ ወጣን። ሲትን በስልክ ስናገኛት፣ «ዶላቡን ቆልፌው ነው የወጣሁት፣ የልጅሽ ደብተር እዚያው አለ፣ አይዞሽ» አለቻት። የትምህርት ቤቱ መዝገብ ከነሕንፃው ተቃጥሏል። ለሌላ አገር መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ጻፍኩ፤ መልሱ አጭር ነበር፦ ወይ ዋናው ደብተር፣ ወይ የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ። ያለፍኩት የጽሑፍ ፈተናም ዕድሜ ልክ አያገለግልም፤ የተወሰነ ጊዜ አለው፣ ያ ጊዜ እየሄደ ነው። ይህን ከሰማች ወዲህ እናቴ እህል አልወረደላትም። «በገዛ እጄ! በገዛ እጄ አስቀረሁሽ» እያለች ጭኗን ትመታለች። እኔ አፌን ይዤ በልቤ፣ አዎ፣ አንቺ ነሽ እላለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እል ነበር።

ካርቱም መግባት እንደተቻለ ተመለስን። ካላክላ ያለው ቤታችን እንደ ምንም ቆሞ ጠበቀን። በማግስቱ ለእናቴ ሳልነግር ዐማራት ሄድኩ። የነሲት ቤት በር የለውም፣ መስኮት የለውም፤ የመብራት ሽቦው ሳይቀር ከግድግዳው ተመዝዞ ተወስዷል። ዶላቡ ተፈልቅቆ በጀርባው ተኝቷል። ግን ሌባ ወረቀት ምን ይሠራለታል? ወረቀቱ ሁሉ ወለሉ ላይ ነው። ተንበርክኬ ስበረብር ጥቁሩን ልባስ አገኘሁት። ባዶ ቤት ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ! ከዚያ ገለጥኩት። የተጻፈው የሱ ስም ነው።

ወለሉን በጥፍሬ ጫርኩ፤ የኔ የለም። በመጨረሻ ካይሮ ደወልኩለት። ድምፄን ሲሰማ ደስ አለው። ደብተሬን አይተኸዋል ወይ አልኩት።

«እሱማ…» አለ። «ስንወጣ በችኮላ ያንቺን ይዤ ነበር። ድንበር ላይ ገልጬ ሳየው ያንቺ ነው። ዕቃ ቀንሱ አሉን… ወላሂ፣ እህቴ፣ ይቅርታ። እዚያው ጣልኩት።»

«እስከዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

«አፈርኩ።» ወዲያው ቀጠለ። «የኔን ግን አገኘሽው? ያለሱ አይቀበሉኝም። በእናትሽ ላኪልኝ።»

በእናትሽ ይለኛል፣ የት አባቱ! ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት። ደብተር ምን ያህል ይከብዳል? ሁለት ሸሚዝ ያህል እንኳ አይከብድም። ወደ ቤት ስመለስ ሃፍላ የምንለው ሚኒባስ ውስጥ ገለጥኩት። አንዷን መስመር ለየኋት፤ ሲያሳርፍ አውሮፕላኑን አንጥሮት እኔ ከኋላ ጭንቅላቴን የተመታሁባት ቀን ናት። ተፈርሞባታል። ለሱ ተቆጥራለች።

ላቃጥለው ቆርጬ ነው ቤት የደረስኩት። እናቴ በር ላይ ነበረች። ማንበብ አትችልም፤ ጥቁሩን ልባስ ግን ታውቀዋለች። እጄን አየች እንጂ ፊቴን አላየችም። ባለችበት ሱጁድ ወረደች። «አልሐምዱሊላህ! አደራዬ ተገኘ!» እያለች አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ጎረቤቶቿን ጠራች። ያን ቀን የቀረበላትን ኪስራ ጠራርጋ በላች። ስትበላ እያየሁ የኔ አይደለም ልበላት?

«ቶሎ ላኪው» አለችኝ። «እኔ ጋ እንዳታስቀምጪው፣ አደራሽን።»

ወደ ካይሮ የምትሄድ ሴትም ያገኘችው ራሷ ናት፤ መሥሪያ ቤቱ እዚያ ነው ብያታለሁ። በሦስት ፌስታል ጠቀለለችው፣ ዙሪያውን በመርፌ ሰፋችው፣ ሳመችው። «የልጄን መንገድ ክፈትላት» ብላ ዱዓ አደረገችበት። እኔ ከላዩ የሱን አድራሻ ጻፍኩበት።

ባለፈው ወር ነጭ ሸሚዝ ለብሶ የተነሳውን ፎቶ ላከልኝ፤ አንድ ኩባንያ ተቀብሎታል። እናቴ በየጁምዓው ከሰላት በኋላ ትጠይቀኛለች።

«እስካሁን መልስ የለም?»

«ሰሞኑን፣ ኢንሻአላህ።»

«ያን ሁሉ ዱዓ አድርጌ? ዱዓዬ አልደረሰም ማለት ነው?»

ደርሷል፣ እማ።