በምልክቱ የተገኘው ዘፈን

ትናንት ረፋድ ላይ ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ ጎልማሳ ቆቦ ያለችው ሱቄ ገቡ። ሽማግሌ አስከትሎ የሚመጣ ሰው ዕቃ ሊገዛ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

እኔ የምሸጠው ፍላሽና ሚሞሪ ነው። ኮምፒውተሬ ላይ ግን ደንበኛ ሁሉ ዘፈንም ፊልምም ያስቀምጣል፣ ሌላው ደግሞ በነፃ ይገለብጣል። ማን ምን እንዳመጣ ጠይቄ አላውቅም። ፍላሹም የሚሸጠው በዚሁ ነው።

ጎልማሳው ሞላ ይባላል፣ ሮቢት ውስጥ ሰርግ ላይ የሚዘፍን ሰው ነው። ለማንም ያልሸጠው ዘፈን እኔ ጋ እንዳለ መስማቱን ረጋ ብሎ ነገረኝ።

«ወንድሜ፣ እኔ ቦታ ነው የምሰጠው። ያስቀመጠው ሌላ ሰው ነው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሼህ ሙሄ፣ የጠፋ በሬ ሲፈለግ እንደሚደረገው ሞላን የዘፈኑን ምልክት ጠየቁት።

«መሃል ላይ ልጅ ይስላል። ቀጥሎ አክስቴ እልል ትላለች... ሳትጨርሰው ሳቋ ያመልጣታል።»

የሰርግ ዘፈኖቹ ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም። አንድ በአንድ ከፈትኩ። አራተኛው ላይ የሞላ ድምፅ መጣ። ልጁ ባይስል ብዬ ተመኘሁ... ሳለ። ሴትዮዋም እልል ብላ ሳቀች።

ሼህ ሙሄ ወደ እኔ ዞሩ። «እስከ ዛሬ በረትህ የገባ የሰው በሬ ነው፣ አልሰረቅህም። ከእንግዲህ ለሰው ከሰጠኸው ግን ሌባው አንተ ነህ። ነግረነዋል ብለን ፍርድ ቤት እንመሰክራለን።»

እያዩኝ አጠፋሁት። ሞላ እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ። ያለቀ መስሎኝ ገና ስተነፍስ ሼህ ሙሄ በሩ ላይ ቆም አሉና ስክሪኑን በከዘራቸው አመለከቱ።

«የቀሩትስ የማን ናቸው?»

«ሰው ያስቀመጣቸው ናቸው» አልኩ። ቅድም የተናገርኩት ቃል ነው... አሁን ግን እኔንም አላሳመነኝም። እሳቸውም ወጡ።

ዛሬ ጠዋት አንድ የሚኒባስ ሹፌር ፊልም ልገልብጥ ሲለኝ መብራት የለም አልኩት። ቀና ብሎ የበራውን አምፖል አየና፣ «ይሁን ጌታዬ» ብሎ ሄደ።

«አላውቅም» ማለት ይህን ያህል ምቹ ነገር እንደነበር የገባኝ ካጣሁት በኋላ ነው።