ብረት አይንካው

ታላቅ ወንድሜን ዛሬም ይቅር አላልኩትም።

እናታችን ከጆሮዋ ሥር ባቄላ የምታህል እብጠት ወጣችባት። ዓመት ሳይሞላ እንቁላል አከለች። እኔ ደብረ ታቦር አስተማሪ ነኝ፤ ሆስፒታል ላሳይሽ ብዬ ለመንኳት። በትውልድ መንደራችን በገሳይ አብሯት የሚኖረው ወንድሜ ግን "እብጠት ብረት ከነካው ይቆጣል፣ ይሰራጫል" ብሎ እርፍ። ይህም አልበቃው፤ መርፌ እንዳታስነካ ገዘታት። በእኛ አገር ግዝት ቀልድ አይደለም። ስለ ሐኪም ባነሳሁባት ቁጥር "ተገዝቻለሁ" ትለኛለች።

በስልክ ስንጨቃጨቅ ወራት አለፉ። እሱ "ደመወዝ ስለበላሽ እናት ያንች ብቻ መሰለችሽ" ይለኛል፤ እኔ ደደብ እለዋለሁ። በመጨረሻ ገሳይ ድረስ ሄጄ የንስሐ አባቷ ዘንድ ወሰድኳት። "ልጅ እናቱን ይገዝታል እንዴ?" ብለው ቄሱ ተቆጡ፤ ከግዝቱም ፈቷት። ስንወጣ ወንድሜ ደጅ ቆሞ ነበር።

"ብትሞት ደሟ ባንች ነው" አለኝ።

ደብረ ታቦር ሆስፒታል ይዣት ሄድኩ። የፈራነው ነገር አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ሐኪሙ "እናቴ፣ ትንሽ ይታገሱኝ፤ ምራቅዎን አይዋጡ" አላትና እብጠቱን በሁለት ጣቱ ይዞ ቀጭን መርፌ ሰክቶ ሳበ። የወጣችውን ጠብታ መስታወት ላይ ለቀለቃት። በማይክሮስኮፕ አይቶ ምንነቱን እንደሚነግረን ገለጸልን። ደም እንኳ ብዙም አልወጣትም። ለዚህች መርፌ ነው ያን ሁሉ ወር የተባላነው? እዚያው ማልቀስ ዳዳኝ።

ውጤቱ የምራቅ እጢ ካንሰር ሆነ። ወንድሜ እንደሰማ ከገሳይ መጥቶ፣ ቤቴ ገብቶ ሳይቀመጥ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠው። የከንፈሯ አንድ ጎን ወርዷል፤ በዚያው በኩል ዓይኗ አይከደንም። ግማሽ ፊቷን የምትከናነበው፣ ሐኪሙ ዘንድም ከጆሮዋ ሥር ብቻ የገለጠችው እብጠቱን አፍራ ነበር የመሰለኝ።

"እይ! መርፌሽ ነው ያጣመማት!" አለ።

"አንተ ነህ የገደልካት!" ብዬ ጮህኩበት።

እናቴ ነጠላዋን መልሳ ጎተተች።

"መርፌው አይደለም፣ እብጠቱ ነው። ፊቴ የሞተው ከጥምቀት በፊት ነው፤ ያኔ መርፌም አልነካኝ። ለሐኪሙ ነግሬዋለሁ፣ ይች ልጅ የምርመራውን ልትከፍል ስትሄድ።"

"ለኛስ ለምን አልነገርሽንም?" አልን፣ ሁለታችንም ባንድ ጊዜ።

"ለማን ልንገር? ላንተ ብነግር እሷን ትሰድባለህ፣ ላንች ብነግር እሱን። እኔን አመመሽ ወይ ያለኝ ማን ነው?"

ለቀዶ ሕክምና ወደ ባሕር ዳር የጻፉላት ወረቀት እጄ ላይ ነበር። እኔ ግን አሁንም የምጠብቀው ጥፋተኛው እሱ ነው እንድትልልኝ ነበር።