የሌላ ቤት ፌሮ

አጵሎስ የሞተሩን ቁልፍ ስንጥቁ ውስጥ ከተተው። የቁልፉ ጥርስ በሙሉ ገባ። አውጥቶ አንድ ክንድ ያህል ወደ ግራ ተሳበና እንደገና ሞከረ። እዚያም ገባ። ስንጥቁ ከፎቁ በረንዳ አንድ ጫፍ ተነስቶ የግድግዳውን ሥር ተከትሎ እስከ ሌላው ጫፍ ይሄዳል። ከሦስት ሳምንት በፊት የፀጉር ያህል ነበር። ያኔ አይቶ እንዳላየ አልፎታል።

«እዚያ ላይ ተንበርክከህ ትጸልያለህ ወይስ ትሠራለህ?» እማማ ገነቴ ከግቢው ሆነው ጮኹ።

«ወለሉን እያየሁ ነው፣ እማማ።»

«እየው። እሁድ መዘምራኑ የሚቆሙት እዚያ ነው።»

አጵሎስ ተነሳ። «መዘምራኑ?»

«ሠላሳ ሁለት ናቸው። ኪቦርዱም፣ ድምፅ ማጉያውም እዚያው ይወጣል። የሆመቾ ከተማ በሙሉ ያያቸዋል።»

«ከታች ቢቆሙስ?»

«ከታች ለመቆምማ ፎቅ ለምን ሠራን?»

ወረደ። እማማ ገነቴ ክንዱን ይዘው ወደ አሮጌው ቤታቸው አስገቡትና ከሣጥን ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ጋቢ ነው፤ አዲስ፣ ጥለቱ ቀይና ጥቁር። እሁድ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሲጸልዩለት እሱ የሚለብሰው ነው። ለሌላ ሰው እንዳይናገር አስጠነቀቁት።

«ላንተ ራሱ ልነግርህ አልነበረም» አሉ። «አፌ አላስቻለኝም።»

ይህ የሆነው ሐሙስ ነው። የአዲሱ ቤት የምስጋና ጸሎት ሦስት ቀን ቀርቶታል።

አጵሎስ አርባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የሆሳዕና ልጅ። ኮንትራክተር ከመሆኑ በፊት አሥራ ሁለት ዓመት ፌራዮ ነበር፤ በሌሎች ሰዎች ሕንፃ ላይ ፌሮ ሲቆርጥ፣ ሲያጥፍና ሲያስር ኖሯል። ከስድስት ዓመት በፊት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቋመ። ዘጠና አምስት በመቶው የእሱ፣ አምስት በመቶው የሚስቱ የወይንሸት ነው። ወይንሸት መምህርት ናት፤ ስለ ድርጅቱ የምታውቀው አንድ ቀን ከክፍል ተጠርታ መፈረሟን ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁ፣ ዕቃ ገዢው፣ ጸሐፊውና ተላላኪው አጵሎስ ነው። ቢሮ የለውም። ማኅተሙን በካልሲ ጠቅልሎ በሞተሩ ኮርቻ ሥር ይይዛል።

ሥራው በአብዛኛው የሚመጣው ከደቡብ አፍሪካ ነው። የሀዲያና የከምባታ ልጆች እዚያ ሱቅ ይከፍታሉ፣ እዚህ ቤት ያሠራሉ። ቤታቸውን የሚያዩት በስልክ ነው። መሠረቱ ሲቆፈር ፎቶ፣ ብሎኬቱ ሲደረደር ፎቶ፣ ቆርቆሮው ሲመታ ቪዲዮ። ፎቶ የዘገየበት ባለቤት ቀን ከሌት ይደውላል። አጵሎስ ፎቶ የማያዘገይ ኮንትራክተር በመሆኑ ይታወቃል።

የእማማ ገነቴ ልጅ ሚክያስ ከእነዚህ አንዱ ነው። አምና ነሐሴ ላይ የፎቁ ሶሌታ፣ የኮንክሪት ወለሉ፣ ሊሞላ ሲል ፌሮ ከገበያ ጠፋ። አጵሎስ ሆሳዕና ፈለገ፣ ዱራሜ ፈለገ፣ አጣ። ሚክያስ በበኩሉ ለመስቀል እንዲደርስለት አጥብቆ ይዟል፤ ዘመድ ከየአገሩ የሚሰበሰበው ለመስቀል ነው፣ ሁሉም እንዲያየው ይፈልጋል። በረንዳው ከቤቱ ወጣ ብሎ በአየር ላይ የቀረ ነው፤ ከሥሩ ምሰሶ የለውም። የሚይዘው ከላይ በኩል የሚታሰረው ፌሮ ብቻ ነው። ስዕሉ በየአሥራ አምስት ሳንቲሜትሩ አንድ ፌሮ ይላል። አጵሎስ በየሠላሳው አሰረ። በሌላ ሰው አላሳሰረም፤ ያን ቀን ሸሚዙን አውልቆ እሱ ራሱ ነው ያሰረው።

ሚክያስ ኮንክሪት ሳይፈስ የፌሮውን ፎቶ ላክ አለው። አጵሎስ ስልኩ ላይ ሌላ ፎቶ ነበረው፤ ሆሳዕና ላይ በንዑስ ተቋራጭነት ከሠራው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ያነሳው። ፌሮው ጥቅጥቅ ያለ፣ እጅ የማያሳልፍ። ያንን ላከ።

ሚክያስ በፎቶው ኮራ። ለጓደኞቹ ሁሉ አሳየ። ከእነሱ ሦስቱ ለአጵሎስ ደውለው ቤት እንዲሠራላቸው ተዋዋሉ፤ አንዱ ጃጁራ፣ ሁለቱ ጊምቢቹ። አጵሎስ ፎቶውን የድርጅቱ የቴሌግራም መለያ ምስል አደረገው። እስከዚያ ሐሙስ ድረስ እዚያው ነበር።

ከሆመቾ እንደተመለሰ በቀጥታ የሄደው ፈትሁዲን ዘንድ ነው። ፈትሁዲን ሆሳዕና ላይ የግንባታ ዕቃ ይነግዳል፤ ድርጅቱ ሲቋቋም ወረቀቱን ከቢሮ ቢሮ ይዞ ያስጨረሰለት እሱ ነው። አጵሎስ ስንጥቁን ነገረው። ፈትሁዲን ሚስማር እየመዘነ ሰማው።

«ቤቱን የሠራው ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ እንጂ።»

«አይደለህም። ድርጅቱ ነው። ለዚህ አይደል ያን ሁሉ ወረቀት የተሸከምነው? ድርጅቱን ዝጋውና በሌላ ስም ክፈት። የአክስቴ ልጅ ሁለቴ ቀይሯል፣ ምንም አልሆነ።»

«መዘምራን ሊወጡበት ነው እኮ።»

«ታዲያ ይውጡ። ሠርግ ላይ መቶ ሰው ሲጨፍርበት ያልተነቃነቀ በረንዳ አይቻለሁ።»

«ያንን እኔ አልሠራሁትም።»

ፈትሁዲን ሚዛኑን አስቀመጠ። «አንተ ሰው፣ አምነህ ልትሞት ነው?» አለና ከመሳቢያው የድርጅት መዝጊያ ማመልከቻ አውጥቶ ሰጠው። አጵሎስ እዚያው ሞላው። ከኮርቻው ሥር ማኅተሙን አምጥቶ መታበት። ቀኑን ግን አልጻፈም።

ዓርብ ጠዋት አራት የብረት መደገፊያ በድርጅቱ አይሱዙ ጭኖ ሆመቾ ሄደ። ከበረንዳው ሥር አቆማቸው። ሊናገር ነበር የሄደው፤ መንገድ ላይ ሳለ ግን ይህ ይበቃል ብሎ ራሱን አሳመነ።

እማማ ገነቴ ወጥተው አዩ። «ይሄ ምንድነው? ቤቴ ሳያረጅ ምርኩዝ ያዘ?»

«ለድምፅ ማጉያው ክብደት ነው፣ እማማ። ለጥንቃቄ።»

«አይ አንተ፣ አስበህ አትጨርስም!» ልጃቸውን ማራኪን ጠሩና መደገፊያዎቹን በሪባን እንድትጠቀልላቸው አዘዙ። ማራኪ በነጭና በሰማያዊ ጠቀለለቻቸው። ያምር ነበር።

ቅዳሜ ማታ ዘነበ። እሁድ አጵሎስ ከእንግዶቹ ቀድሞ ደረሰና የመጀመሪያውን መደገፊያ በእጁ ገፋው። ተወዛወዘ። የተተከለበት የሙሌት አፈር ነው፤ በዝናቡ ሰጥሟል። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሪባኑ ረጥቦ ብረቱ ላይ ተለጥፏል። ከሥራቸው የሚያስገባው ጣውላ ፈለገ። ይህን እያደረገ ሳለ ድንኳኑ ሥር ወንበር መደርደር ተጀመረ፤ አንድ ዲያቆን መጥቶ አቅፎ ሳመውና ፊት ለፊት አስቀመጠው።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አቶ አበራ ቃል አካፈሉ። ማራኪ ስልኩን ከፍ አድርጋ ይዛለች፤ ሚክያስ በቪዲዮ ይከታተላል። ከኋላው የሱቁ መደርደሪያ ይታያል። ከዚያ አጵሎስ ተጠርቶ ወጣ። እማማ ገነቴ ጋቢውን አለበሱት። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጫኑ።

«ስለዚህ ወንድማችን እናመሰግንሃለን» ብለው ጸለዩ አቶ አበራ። «ባለቤቱ በሌለበት በአደራ ሠርቶ አንዲት ሚስማር አላጎደለም።»

ሕዝቡ አሜን አለ። አጵሎስም አሜን አለ። ዓይኑን ሲገልጥ መዘምራኑ ኪቦርዱን ይዘው ወደ ደረጃው እየሄዱ ነበር።

«አትውጡ» አለ።

የሰማው አልነበረም። ማይክሮፎኑን ከአቶ አበራ እጅ ወሰደ። «አትውጡ። በረንዳው አይችላችሁም።»

«ኧረ እኛ ቀጫጭን ነን!» አለ የመዘምራኑ መሪ። እሱ ወፍራም ነው። ሕዝቡ ሳቀ።

«ፌሮውን ቀንሻለሁ» አለ አጵሎስ። «ግማሹን ነው ያሰርኩት። በረንዳው ተሰንጥቋል። ከሥሩ ያሉት ብረቶች ለድምፅ ማጉያ አይደሉም።»

ሳቁ ቆመ። ከስልኩ የሚክያስ ድምፅ መጣ። «ምን አለ? ማራኪ፣ ምን አለ?»

ማራኪ ስልኩን ወደ አጵሎስ አዞረች።

«ፎቶ ልከህልኛል እኮ» አለ ሚክያስ። «ፌሮውን አይቻለሁ።»

«ያንተ ቤት አይደለም።»

«የማን ነው?»

«ሆሳዕና የሠራሁት ሕንፃ ነበር።»

«ለስንት ሰው አሳይቻለሁ መሰለህ» አለ።

«አውቃለሁ። ሦስቱ ሥራ ሰጥተውኛል።»

ስልኩ ተዘጋ። ኔትወርክ ይሁን ሚክያስ ዘግቶት ይሁን አልታወቀም።

እማማ ገነቴ ቀረቡት። እስከዚያ ቀን በአማርኛ ነበር የሚያነጋግሩት፤ ፎቁን ይመጥናል ብለው ይመስላል። አሁን ዝቅ ባለ ድምፅ በሀዲይኛ ጠየቁት።

«ሐሙስ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ጋቢውን ሳሳይህ?»

«አዎ።»

«ዓርብስ? ሪባን ስናስር?»

እማማ ገነቴ ሌላ አልጠየቁም። ሄደው ከሴቶቹ መሀል ተቀመጡ። አንዲት ጎረቤት ጆሯቸው ላይ ተጠግታ አንድ ነገር ስትላቸው እጃቸውን ወዘወዙና ዝም አሰኟት።

አቶ አበራ ድንኳኑን ከበረንዳው ሥር አስነሱ። መዘምራኑ በግቢው መሀል ቆመው ዘመሩ። ከአጥሩ ውጭ ያለ ሰው የሚሰማው ድምፃቸውን ብቻ ነበር። ሰንጋ ታርዶ ነበርና ምሳ ቀረበ። አንድ ሰው ለአጵሎስም ሰሐን ሰጠው። ሰሐኑን ይዞ ጋቢውን እንደለበሰ ቆመ፤ ጋቢውን አውልቆ ቢመልሰው ስድብ እንዳይሆን፣ ለብሶት ቢሄድ ስርቆት እንዳይመስል ፈራ። በመጨረሻ አጣጥፎ አሮጌው ቤት ውስጥ፣ ሣጥኑ ላይ ትቶት ሄደ።

ማታ ለወይንሸት ነገራት። የተማሪዎች ደብተር እያረመች ነበር።

«እኔም አምስት በመቶ አለሁበት አይደል?» አለች።

«አንቺ ምንም አላደረግሽም።»

«ስፈርም መች ጠየቅኩህ?» አለችና ወደ ደብተሯ ተመለሰች።

አጵሎስ ቀን ያልተጻፈበትን ማመልከቻ ለፈትሁዲን መለሰለት። ድርጅቱን አልዘጋም። በኅዳር አይሱዙውን ሸጠ፣ በረንዳውን አፍርሶ እንደ ስዕሉ አሰረው። የእያንዳንዱን ፌሮ ፎቶ፣ ሜትሩን ዘርግቶ እያነሳ፣ ለሚክያስ ላከለት። ሚክያስ ፎቶዎቹን አይቷቸዋል፤ መልስ አልጻፈም። እማማ ገነቴ ግቢው ውስጥ ሲያገኙት ሰላም ይሉታል። የሚኖሩት አሁንም በአሮጌው ቤት ነው።

በፎቶው ምክንያት ሥራ ለሰጡት ለሦስቱም ደውሎ በረንዳቸውን እንዲያስፈትሹ ነገራቸው። የፌሮ እጥረቱ ወራት ቆይቶ ነበር፤ የእነሱም ሶሌታ የተሞላው እጥረቱ ሳያልፍ ነው። የጃጁራውና አንደኛው የጊምቢቹ ባለቤት ሰድበውት አስፈተሹ፤ የጃጁራው በረንዳ ፈርሶ እንደገና ተሠራ። ሌላኛው የጊምቢቹ ባለቤት እምቢ አለ።

«የእኔ ደህና ነው» አለው። «ፎቶው አለኝ።»

እዚያ ቤት ስድስት ሰው ይኖራል።