የአባቴ ፔጆና የእናቴ መሳላ

ባለፈው ቅዳሜ ትንሿ ልጄ ሳሎን ተቀምጣ የጥፍሯን ቀለም በጥጥ ስታስለቅቅ ሽታው ወጥ ቤት ድረስ መጣና፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ጭልፋውን እንደያዝኩ ወጥቼ «አውጪልኝ ይሄን ነገር ከቤቴ!» ብዬ ጮኽኩባት። ልጅቷ ክው አለች። ዱራሜ ውስጥ ጥፍሯን የምትቀባው እሷ ብቻ አይደለችም፣ እኔም ብሆን ለሠርግ እቀባለሁ፤ ግን ያ ሽታ ለእኔ የቲነር ሽታ ነው፣ ቲነር ደግሞ ሆሳዕና ያለው የአባቴ ግቢ ነው፣ ክረምት ነው፣ አንዲት ያረጀች ፔጆ ናት። ይቅርታ ጠይቄያት ስመለስ ወጡ አርሮ ጠበቀኝ፤ የእኔም ቆሽት እንደዚያው።

አባቴ መምህር ሀንዲሶ የእጅ ሥራ አስተማሪ ነበር፣ ሀዲያ፣ የሆሳዕና ልጅ። እናቴ አስቴር ከንባታ ናት፣ የአንጋጫ ልጅ፣ ጤና ጣቢያ መርፌ ስትወጋና ቁስል ስታጥብ ውላ ማታ እግሯን እየጎተተች የምትመጣ። ሁለቱም በየቋንቋቸው ይቆጡና በአማርኛ ይታረቁ ስለነበር እኔና ወንድሜ ጓሮ ሆነን እንኳ ማን እንደተቆጣና መቼ ወደ ቤት መግባት እንደሚያዋጣ እናውቅ ነበር። ፔጆዋን አባቴ አገር ለቆ ከሚሄድ ነጋዴ ሲገዛት የበሮቿን ታች ዝገት በልቶት እጅ ያስገባል፣ የፊት ፓራፋንጎዋ ተጨፍልቋል፣ ኮፈኗ ጎብጧል፤ ጎረቤታችን ባለሱቁ ጋሽ ሙደሲር አጥሩ ላይ ተደግፎ አያትና «መምህር፣ ይቺን የገዛሃት ልትነዳት ነው ወይስ ልትቀብራት?» አለው። አባቴ ግን ሞተሯን በአንድ በጋ አስነሳው። ይሄ እንዲሰመርበት እፈልጋለሁ፦ መኪናዋ ትሄድ ነበር። ግቢውን ትዞራለች፣ ወደ ኋላ ትመለሳለች፣ ፍሬኗ ይይዛል፣ መብራቷ ይበራል። የቀረው ቦዲዋ ብቻ ነበር፤ እናቴን የበላት ያ «ብቻ» ነው።

ሥራው ደስ አይልም ነበር ብል እዋሻለሁ፣ መናደዴ ለመዋሸት አያበቃኝም። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደብተር ወርውረን ቀጥታ ወደ መኪናዋ ነበር፤ አባቴ የዛገውን ላሜራ ቆርጦ ያወጣል፣ አዲሱን አስበይዶ ይተካል፣ እኔ ከውስጥ በኩል ብረት ደግፌ ስይዝ እሱ ከውጭ በመዶሻ ቀስ እያለ የጎበጠውን ይመልሳል፣ እያንዳንዷ ምት ክንዴን አልፋ ጥርሴ ላይ ትሰማኛለች። ከዚያ ስቱኮ እንለብጣለን፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀትና በውሃ እንፈትጋለን፣ ጣቶቻችን ነጭ ሆነው እስኪጨማደዱ፣ ማታ እንጀራ ስንቆርስ ወጡ እስኪያቃጥለን። አባቴ ዐይኑን ጨፍኖ መዳፉን በሩ ላይ ያሳልፋል፣ «እዚህ ጋ ጉድጓድ አለ» ይላል፣ እኔም ዐይኔን ጨፍኜ አሳልፋለሁ፣ እውነትም አለ፣ እንደገና እንጀምራለን። የሰፈሩ ልጆች ገመድ ሲዘሉ እኔ በመዳፌ ጉድጓድ ስፈልግ ነው ያደግሁት፣ አሁንም ሰው ቤት ገብቼ ቁም ሳጥን ሳይ እጄ ሳላዘው ይሄዳል።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ችግሩ መስከረም ላይ ነው። የመስቀል በዓል በእናቴ አገር መሳላ ይባላል፤ የወጣ ሁሉ የሚገባበት፣ ያገባች ሴት ልጅ ቅቤዋን ይዛ ከነባሏ ወደ አባቷ ቤት የምትመለስበት ቀን ነው። አባቴ መኪናዋን ለመሳላ ለማድረስ ብሎ ሁልጊዜ ቀለም የሚቀባው ነሐሴ ላይ ነበር። ነሐሴ! በሆሳዕና ክረምት የተሰጣ ሸሚዝ እንኳ ሳምንት የማይደርቅበት ወር! ጋሽ ሙደሲር «ተው፣ ኅዳር ጠብቅ» ይለዋል፣ ከጎጆ እስከ ጋራዥ ያለ ሰው ሁሉ «ኅዳር» ይለዋል፣ እሱ ግን ኮምፕሬሰር ለምኖ አምጥቶ፣ ሰማዩን በጥርጣሬ ገላምጦ፣ የሁለት ሰዓት ፀሐይ ባየ ቁጥር ይረጫታል። ቀለሙ እርጥበት ይይዝና ይነፋል፣ ይላጣል፣ እኛም መስከረም ሙሉ የቀባነውን ስንፍቅ እንከርማለን፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ!

አንድ ዓመት ግን አምሮ ወጥቶ ነበር፣ የወይን ጠጅ ቀለም፣ ፊት የሚያሳይ። ተረጭቶ ሳያልቅ ሰማዩ ጠቆረ፤ ሸራው አይበቃም፣ አባቴ ጮኸ፣ እኛም ጓሮ ሮጠን ከእንሰቱ ሰፋፊ ቅጠል እየቆረጥን ኮፈኑንና ጣሪያውን አለበስናት። ሌላ አገር ሰው ላስቲክ ይፈልግ ይሆናል፣ እኛ ግን የሚጋገር ሆነ የሚጠቀለል ሆነ የሚከደን ነገር ስናይ እጃችን የሚሄደው ወደ እንሰት ነው። በማግስቱ ቅጠሉን ስናነሳው እርጥቡ ቀለም ላይ መሃል አጥንቱና ደም ሥሩ ሳይቀር ታትሟል። እናቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ «ተዋት በቃ፣ እንሰት ለብሳ ትሂድ፣ ወገኖቼ የአገሯን ልብስ የለበሰች መኪና መጣችልን ይላሉ እንጂ ምን ይላሉ?» አለችው። አባቴ አልሳቀም። ከሰዓት በኋላ መፋቂያውን ይዞ ከኮፈኑ ጀመረ።

ያን ጊዜ ነው እናቴ ለምን እንደዚህ እንደሚሆን የነገረችኝ። ሊያገባት ሽማግሌ ይዞ አንጋጫ የሄደ ቀን ታላቅ ወንድሟ አጎቴ ፊሊጶስ «እህታችንን በምን ልትወስዳት ነው፣ በእግሯ?» ብሎት ቤቱ ሙሉ ስቆበታል። አባቴ እዚያ ተቀምጦ በሆዱ ማለ፤ ያማረች መኪና ይዤ ካልሆነ ከሠርጉ ወዲያ ያንን ደጅ ዳግመኛ አልረግጥም ብሎ። አልረገጠምም። ወገኖቿ ሆሳዕና ሲመጡ በክብር ይቀበላቸዋል፣ ያበላል፣ ያጠጣል፣ መሳላ ሲደርስ ግን ኮራ ብሎ እቤቱ ይቀመጣል፣ የተላጠ ቀለም ይዞ!

የመሳላ ዋዜማ ጠዋት እናቴ አዲስ ልብሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ቅቤዋን በቅጠል ጠቅልላ ትወጣና ወደ መናኸሪያ ከመሄዷ በፊት የፔጆዋን በር ከፍታ የፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ዝም ብላ ነው የምትቀመጠው፤ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በመስታወቱ ወደ አጥሩ እያየች፣ ልክ መንገድ ላይ እንዳለ ሰው። አባቴ ከውስጥ «አስቱ፣ በሩን እንዳትነኪው፣ አልደረቀም!» ይላታል። ትወርዳለች፣ ነጠላዋ ቀለም ነክቶት እንደሆነ ታያለች፣ ከዚያ በሰው በተጨናነቀ ሚኒባስ፣ ሚኒባስ ሲጠፋ በአይሱዙ ጭነት ላይ፣ እኛን በአንድ እጇ ቅቤዋን በሌላው ይዛ አንጋጫ ትገባለች። «ባልሽስ?» ሲሏት «ሥራ ይዞት ነው፣ ለከርሞ ይመጣል» ትላለች፣ ፈገግ ብላ። አስተማሪ በመስቀል ምን ሥራ ይይዘዋል? አንድም ሰው ግን እንደዚያ ብሎ አላፋጠጣትም።

እኛ አደግን፣ ወጣን፣ እኔ ዱራሜ አገባሁ። እናቴን ስኳር ያዛት፣ ግንቦት ላይ አረፈች። ወገኖቿ ለለቅሶ ሲመጡ ፔጆዋ ሸራ ለብሳ ግቢው ጥግ ቆማ ነበር፣ ድንኳኑም ከእሷ አጠገብ ተተከለ።

እሷ ባረፈች በስድስተኛው ወር፣ ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ አባቴ ደወለልኝ። «ጨረስኳት፣ መጥተሽ እያት» አለኝ፣ እንደ ልጅ እየቸኮለ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የእኔ ጉድ በኅዳር መጣ! በኅዳር ቀባት፣ ያ ሁሉ ሰው ያኔ በለመነው ወር፣ ፀሐዩም ደረቅ፣ ነፋሱም ደረቅ። ሄጄ አየኋት። ዐይኔን ጨፍኜ መዳፌን ከፊት እስከ ኋላ አሳለፍኩ፣ አንድም ጉድጓድ የላትም፣ እንባዬ መጣ፣ ንዴት ይሁን ኀዘን እኔ ምን አውቃለሁ። አባቴ የሥራው ማማር መስሎት «አየሽ?» አለኝ። አየሁ እንጂ አባዬ፣ መቼም ዕውር አይደለሁ!

ዘንድሮ ለመሳላ አንጋጫ እንሂድ አለኝ። የፊት ወንበር ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። «በሩን በቀስታ ዝጊው» ሲለኝ ጓ አድርጌ ዘጋሁት፤ ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን አስነሳ። መንገዱን ሙሉ ጠጠር እንዳይነካት እየተጠነቀቀ፣ ባጃጅ እየቀደመን፣ ፍየል እያሳለፈ ሲነዳ እኔ ደሜ እየፈላ ወደ ውጭ አይ ነበር፤ ትንሽ መንገድ ናት እኮ፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ጠዋት ወጥቶ ለምሳ የሚደረስባት!

አጎቴ ፊሊጶስ በከዘራ ተደግፎ ወጣ። ልጆቹ መኪናዋን ከበቧት፣ አንዱ በስልኩ ቪዲዮ ያነሳል፣ ሌላው መስታወቷ ላይ ጸጉሩን ያያል፤ ሽማግሌው ግን ዞር ብሎም አላያት፣ አባቴን አቅፎ ብዙ ቆየ። አባቴ አላስቻለውም። «ያኔ ለሽምግልና ስመጣ ‹በእግሯ ልትወስዳት ነው ወይ› ብለውኝ ነበር፣ ይኸው» አለና በእጁ ወደ መኪናዋ አሳየ። አጎቴ ግራ ገባው። «እኔ? እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት?» አለ፤ አሰበ አሰበ፣ አልመጣለትም። «መቼም አማች ሲመጣ ቀልድ አይጠፋም። እኛ እኮ በየመሳላው የአማች ሥጋ አስቀምጠን እስኪመሽ ነበር የምንጠብቅህ። ስትቀር አስቴር በኮባ ጠቅልላ ትወስድልሃለች። የጠበቅነው ሰው ነው፣ ልጄ፤ መኪና ማን ጠራ?»

ያንን ሥጋ አባቴ ይበላው ነበር። እናቴ ከበዓል ስትመለስ ከኮባው ፈትታ ታቀርብለታለች፣ እሱም «እጃቸው ይባረክ» እያለ ይበላል፤ የእሱ ድርሻ መሆኑን፣ የሱ ቦታ ባዶ ሆኖ መዋሉን አንድ ቀን ነግራው አታውቅም። ለእሱ ስትል ወገኖቿን ዋሸች፣ እንዳይከፋው ስትል ደግሞ እሱንም ዝም አለችው። አባቴ የአጎቴን ቃል ሲሰማ ቁልፉን በጣቱ እያዞረ ቆመ፣ እኔም ለዘመናት ያጠራቀምኩት የቁጣ ቃል ሁሉ አፌ ላይ ነበር፣ ይኸው በለው በለው አለኝ፣ ግን ከዚያ በላይ ምን ይባላል?

«ግቡ እንጂ» አሉን። እናቴ ባል እያላት ያንን ሁሉ መሳላ በዚያ በር ብቻዋን ገባች። አባቴ ጎንበስ ብሎ ገባ፣ ሲያስቀምጡለት ተቀመጠ፣ የአማች ሥጋውን አቀረቡለት። ከጎኑ ለሚስት የሚተወው ቦታ ላይ ማንም አልተቀመጠም፣ እኔም አልተቀመጥኩም፤ ለእሱ ሰበብ የሚፈጥርለት ሰው ደግሞ ከእንግዲህ የለም።