አጥር ላይ የተሰጣ ቀይ ቀሚስ

ይህን ታሪክ ሳልጽፈው ልተወው ጥቂት ነበር የቀረኝ። ስለ ከተማ ደንብ ለመጻፍ የሕግ ዕውቀት፣ ስለ ልብስ ስፌት ለመጻፍ ደግሞ ቢያንስ ቁልፍ መትከል መቻል ያስፈልጋል ብዬ እፈራ ነበር፤ ሁለቱም የሉኝም። ይሁን እንጂ ሌላ የሚጽፈው ሰው ስላልተገኘ፣ ራሴን ወደ ጎን አድርጌ ስለ አንዲት ልብስ ሰፊ ብቻ እናገራለሁ።

ልብስ ሰፊዋ በሰፈሩ ውስጥ “መቀስ” በመባል ትታወቃለች። ስሙ በሥራዋ ምክንያት የወጣላት የሚመስላቸው አሉ፤ አንድ ጊዜ ከእርሷ ጋር ቃል የተለዋወጠ ሰው ግን በምላሷ የተነሣ መሆኑን ይረዳል። የምትሠራው በመኖሪያ ቤቷ የፊት ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ባቆመችው በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና ነው። ከመጋረጃው በስተጀርባ እናቷ ተኝተዋል። አሮጊቷ ብቻቸውን ሲነሡ ይወድቃሉ፤ ስለዚህም የመኪናው ድምፅ በተቋረጠ ቁጥር “አለሽ?” ይላሉ፤ እርሷም “አለሁ እማዬ” ትልና መርገጧን ትቀጥላለች። ሱቅ ተከራይታ ወደ ገበያ ያልወጣችው በዚህ ምክንያት ነው። ቤት ውስጥ የመሥራት ፈቃዷን ከተነጠቀች፣ ወይ ሥራዋን ወይ እናቷን መተው ግድ ይሆንባታል።

ለዓመታት በሯ ላይ ሰማያዊ ሰሌዳ ተሰቅሎ ነበር፤ ወገበ ቀጭን ሴት ተስላበት፣ ከሥሯ “ልብስ እንሰፋለን” የሚል ተጽፎበታል። ኋላ ከተማው መንገዱን “የመኖሪያ ሰፈር” ብሎ ሰየመውና አዲስ ደንብ አወጣ። በደንቡ መሠረት በእንዲህ ያለ ሰፈር የሚሰቀል የንግድ ሰሌዳ ከተገለጠ ደብተር መብለጥ፣ ሥዕል መያዝ፣ መብራት ማብራት፣ ከአጥር አልፎ መውጣትና “ዓይን የሚስብ ቀለም” መቀባት አይችልም። ሰሌዳ ዓይን ካልሳበ ምን ሊስብ ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ዓላማው የሰፈሩን ጸጥታ መጠበቅ ነው ተባለ፤ ፊደል ሲጮኽ የሰማ ባለሥልጣን ሳይኖር አይቀርም።

ደንቡን ትጥሳለች ብለው በእርሷ ላይ አቤቱታ ያቀረቡት ጎረቤቷ፣ ጡረታ የወጡ የከተማው ቢሮ ኃላፊ ናቸው። እሳቸው በራቸው ላይ “ኃይለኛ ውሻ አለ” የሚል፣ የበሩን ግማሽ የሚሸፍን ቀይ ቆርቆሮ ሰቅለዋል። ውሻው ከሞተ ቆይቷል፤ በሕይወት ሳለም ድመት ሲያይ አልጋ ሥር ይገባ ነበር ይባላል። ነገር ግን ውሻው ነጋዴ ስላልነበረ ደንቡ አይመለከተውም።

መቀስ በመጀመሪያ ታዘዘች። ሰማያዊውን አስወርዳ፣ ደብተር የምታህል አመድማ ሰሌዳ አስለጠፈች። አንዲት ደንበኛ እዚያው ሰሌዳ ሥር ቆማ፣ በስልክ “ቤትሽ በየት በኩል ነው?” ብላ የጠየቀቻት ዕለት ግን ትዕግሥቷ አለቀ። ከሰፋቻቸው ሁሉ ያማረውን ቀይ ቀሚስ አወጣችና አጥሯ ላይ አሰጣችው። ደንበኞቿም ቀሚሱን ምልክት አድርገው እንደገና ይመጡ ጀመር።

በጎረቤቷ አቤቱታ የከተማው ተቆጣጣሪም መጣ። ወጣት ነው፤ ደንቡን በቃሉ ይዞታል፤ ከቀበቶው ላይ የብረት ሜትር ስለማይለይ ሰፈሩ “ሜትር” ይለዋል። ቀሚሱ ማስታወቂያ መሆኑን በትሕትና አስረዳት። እርሷም አጥቤ ያሰጣሁት ልብስ ነው አለች። ደንቡ ስለታጠበ ልብስ ምንም ስለማይል፣ ሜትር ለረጅም ጊዜ አሰበ። በመጨረሻ የቀሚሱን ጠርዝ በሁለት ጣቱ ጨበጥ አደረገና ፍርዱን ሰጠ፦ እርጥብ ከሆነ የታጠበ ልብስ ነው፤ ደረቅ ከሆነ ማስታወቂያ ነው። ዛሬ ደረቅ ነው፤ ለዛሬ ማስጠንቀቂያ ይበቃል፤ ዳግመኛ ደርቆ ከተገኘ ግን ፈቃዷ ይሰረዛል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መቀስ በየማለዳው ቀሚሱን ውኃ ታጠጣለች፤ ሜትርም እየመጣ ጠርዙን ይዳስሳል። የከተማው ደመወዝተኛ በጠራራ ፀሐይ የሴት ቀሚስ ሲዳስስ ማየት ለሰፈሩ ጥሩ መዝናኛ ሆነ። እርሷም በመስኮቱ ብቅ ብላ፣ ረጠበልህ ወይስ ልጨምርበት ትለዋለች። እርሱ ጣቱን በሱሪው ጠርጎ ይሄዳል።

አንድ ረፋድ ላይ እናቷ ሊነሡ ሲሞክሩ ከአልጋቸው ወደቁ። መቀስ አንሥታቸው፣ ጉልበታቸውን አሽታ እስክታስተኛቸው ድረስ ፀሐዩ ቀሚሱን እንደ ወረቀት አድርቆት ነበር። ስትወጣ ሜትር ጠርዙን ይዞ ቆሟል። ጎረቤቷ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ለምስክርነት አጠገቡ ተገኝተዋል።

“ደረቅ ነው እትዬ” አላት ሜትር፤ ደስ ያለው አይመስልም ነበር።

“ክው ያለ ደረቅ” አሉ ጎረቤቷ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ከውስጥ “አለሽ?” የሚል ድምፅ ተሰማ። መቀስ ለዚህ ጥያቄ መልስ ከመስጠት ዘግይታ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን ዘገየች። ዓይኗ የጎረቤቷ አጥር ላይ አርፎ ነበር። እዚያ ቢጫ አበባ ያለበት፣ ሰፊ የውስጥ ሱሪ እየተውለበለበ ነው።

“አለሁ እማዬ” አለች በመጨረሻ። ከዚያም ወደ ሜትር ዞራ፣ “እሺ ጌታዬ፣ ጥፋተኛ ነኝ። አጥር ላይ ያለ ደረቅ ልብስ ማስታወቂያ ነው። የጋሼን ሱሪ ግን አልዳሰስክም እኮ። እሳቸውስ ምን ንግድ ጀምረው ነው?” አለችው።

ሌላ ተቆጣጣሪ ቢሆን ስቆ ባለፈው ነበር። የሜትር ጥፋት ሐቀኛነቱ ነው። ሄዶ ሱሪውን ዳሰሰ፤ ደርቋል። ሜትሩን መዘዘ፤ ወገቡ ብቻ ከተገለጠ ደብተር ይበልጣል። ሥዕል አለበት፣ ቀለሙ ዓይን ይስባል፣ ነፋስ ሲነፍስም ከአጥሩ አልፎ መንገድ ላይ ይወጣል።

“ጋሼ፣” አለ በሐዘን፣ “ፈቃድ አለዎት?”

“የምን ፈቃድ? የራሴ ሱሪ ነው።”

“እርሷም ‘የራሴ ቀሚስ ነው’ ነው የምትለው። ለቢሮው ካቀረብኩ ሁለታችሁንም ነው የማቀርበው፤ አንዱን መተው አልችልም።”

“አይዞዎት ጋሼ፣” አለች መቀስ፣ “ማንም አይገዛዎትም።”

መንገደኛው ሳይቀር ሳቀ። ጎረቤቷ ሱሪያቸውን መንጭቀው በብብታቸው ሸጉጠው ገቡ። ዕድሜ ልካቸውን በኃላፊነት በተቀመጡበት ቢሮ፣ የውስጥ ሱሪ ነጋዴ ተብለው መቅረቡ አልዋጥላቸው አለ፤ ከምሳ በፊት አቤቱታቸውን መልሰው ወሰዱ። ከሳሽ የሌለበትን ጉዳይ ቢሮው ዘጋው። ደንቡ አልተሻረም፤ ውሻውም በቆርቆሮው ላይ እስከ ዛሬ ኃይለኛ ነው። ቀዩ ቀሚስ አሁንም አጥሩ ላይ አለ፤ ውኃ የሚያጠጣው ግን የለም። ከመጋረጃው ጀርባ ለሚመጣው ጥያቄ መልሱ ከመስኮቱ ሥር ሳይዘገይ ይሰጣል።

ለዚህች ሴት የሚገባት፣ ከመንገድ ማዶ የሚነበብ ሰሌዳ ነው።