ከሽርጡ ጀርባ

ፖሊሶቹ ወደ እስር ክፍሉ ሲገፈትሩኝ መጀመሪያ ያየሁት ባልዲውን ነው። ጥግ ላይ፣ ክዳን የለው ምን የለው። አስራ አንድ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ያየኛል። የአዳማ ሙቀት ከሽታው ጋር ሆኖ ፊቴን መታኝ።

የባጃጅ ሹፌር ነኝ። ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፣ ምላሴ ግን አላቋረጠም። መንግሥት የሰው ቤት ሲያፈርስ እየቀረጽኩ በውሸት ስም ፌስቡክ ላይ እለጥፍ ነበር። ማን ያውቀኛል ብዬ ልቤ አብጦ ነበር። ለካ አንዱ ቪዲዮ ላይ የባጃጄ መስታወት ላይ የሰቀልኳት ቀይ የሕፃን ጫማ ታይታለች። ባጃጅ ተራ ላይ ያቺን ጫማ የማያውቅ የለም።

መርማሪው ስሜን እንኳን አልጠየቀኝም። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣

«አንተንማ አገኘንህ። የሚፈርሱትን ቤቶች ዝርዝር ማን ላከልህ? ክፈተው።»

የላከልኝ ሰው ልጆች አሉት። ከዚህ በላይ ዛሬም አልናገርም። መልእክቱ እዛው ስልኩ ውስጥ ነበር።

«የስልኩ መክፈቻ ፓተርን ጠፋኝ።»

«እስከ ነገ ጠዋት ታስታውሰዋለህ።»

ክፍል ስመለስ ሽንት ቤት መጣብኝ። ባልዲውን እያየሁ ቆሜ ቀረሁ። አንድ ሽማግሌ፣ የሞጆ የከባድ መኪና ሹፌር፣ የተኙበትን ሽርጥ አነሱና አንዱን ጫፍ ለጎረቤታቸው ሰጡ። ባልዲው ፊት ወጥረው ያዙት። የቀረው ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«መጋረዱ ምን ያደርጋል ጋሼ፣ ማን እንደሆንኩ ሁሉም ያውቃል» አልኩ።

«ማን እንደሆንክማ እናውቃለን። የምታደርገውን ማየት ግን የኛ አይደለም። ግባ።»

«ቶሎ በል አቦ፣ የጋሼ ክንድ ዛለ» አለ አንዱ ከግድግዳው ስር። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

እዛ ቁጢጥ ብዬ ነው የገባኝ። እኔ የደበቅኩት ስሜን ብቻ ነበር፣ እሱማ ተነቃበት። ስልኩ ውስጥ ካለው ሰው ፊት ግን ሽርጡ ገና አልወረደም።

ጠዋት መርማሪው ስልኩን ገፋ አደረገልኝ።

«አስታወስክ?»

«አስታወስኩ።»

«ክፈታ።»

«ስልኩ የኔ ነው፣ ውስጡ ያለው የሰው ነው። አልከፍትም።»

በጥፊ አለኝ። ግራ ጆሮዬ እስከ ማታ ጮኸ። ሦስት ሳምንት እዛው ታስሬ ቆየሁ። በሁለተኛው ቀን አዲስ ሰው ገብቶ ባልዲው ጋ ሲያቅማማ፣ የሽርጡን ጫፍ ከጋሼ እጅ ተቀብዬ ያዝኩ።

ከተፈታሁ በኋላ ጫማዋን መልሼ ሰቅያታለሁ። አሁን በራሴ ስም ነው የምለጥፈው፤ ስልኬን ግን እናቴም አትከፍተውም። ያ ዝርዝሩን የላከልኝ ሰው ዛሬም ጠዋት ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳል። አንዳንዴ በኔ ባጃጅ። ስለ ሙቀቱ እናወራለን፣ ይወርዳል።