የአሰልጣኟ ጣቶች

ከመካኒሳ አቦ ቤቴ የወሰዱኝ ጠዋት ነው። ልጄን ቁርስ እያበላሁ ነበር። መምህርት ነኝ፤ ጥፋቴ ፌስቡክ ላይ የጻፍኩት አንድ አጭር ነገር ነበር። ሕፃኗን እንድትይዝልኝ ጎረቤቴን ለመንኳት፤ ከዚያ ፒክአፑ ላይ ወጣሁ።

ያስገቡኝ የፖሊስ ጣቢያ ክፍል ድሮ የዕቃ ማከማቻ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ሴቶች ነበርን። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ክፍሉ በረኪናና እርጥብ ካልሲ ይሸታል። መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ስለሆነ በእሱ ወደ ውጭ ማየት የምትችለው አንዲት ረጅም ሴት ብቻ ነበረች። ጠዋት ጠዋት በእግሯ ጣቶች ቆማ፣ ስንቅ ይዘው የተሰለፉትን እያየች ትነግረናለች። በሦስተኛው ቀን «ቀይ ጃኬት የለበሰች ሕፃን ያዘለች ሴት አለች፤ ያንቺ ናት?» አለችኝ። የእኔ ነበረች፤ ያዘለቻት ጎረቤቴ ናት።

ለራሷ ግን ማንም አይመጣላትም ነበር። ያሏት እናቷ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ከአልጋ አይወርዱም።

ሁላችንም «ኮች» ነበር የምንላት። በወጣትነቷ የመረብ ኳስ ሻምፒዮን ነበረች፤ ኳሷን ለመቺዎች የምታቀብል፣ የቡድኗ አምበል። መጫወት ስታቆም የአንድ ክለብ አሰልጣኝ ሆነች፤ በኋላም ሀና ማርያም አካባቢ ሴት ልጆችን ታሠለጥን ነበር። ያሳሰራት ደብተሯ ነው። ክብና ቀስት ተስሎበት፣ ከሥሩ «ማጥቃት በአራት ቁጥር በኩል» ተብሎ ተጽፎበታል። አራት ቁጥር የሜዳው የግራ ጥግ መሆኑን ለመርማሪዎቹ አስረዳቻቸው። አላመኗትም። አንድ ቀን ከምርመራ ስትመለስ የቀኝ እጇ ጣቶች አብጠው ጠቁረው ነበር። በር ያዘኝ አለች። ሌላ ነገር የጠየቃት የለም። ከነጠላዬ ቀድጄ አሰርኩላት።

ከጠባቂዎቹ አንዷ በትንሹ የምታነክስ ወጣት ፖሊስ ነበረች። እሷ ስትገባ ኮች ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት በሹክሹክታ ነገረችኝ። ልጅቷ በፊት ተጫዋቿ ነበረች፤ እንደሷ የሚዘል አልነበረም። ጉልበቷ ሲጎዳ ክለቡ ወዲያው አሰናበታት። የስንብት ወረቀቱ ላይ የፈረመችው ኮች ናት። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ሄዳ አልጠየቀቻትም።

«ለእናትሽ አንድ ስልክ እንድትደውልልሽ ለምን አትለምኛትም?» አልኳት።

«እንደምታውቀኝ ከታወቀ ሥራዋን ታጣለች» አለች። «አንዴ አሳጥቻታለሁ።»

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሳጅን በር ላይ ቆሞ ኮች ወደ ሌላ ቦታ እንደምትዛወር ነገረን። የት እንደሆነ አልተናገረም። ካቴናውን የያዘችው ያቺው ልጅ ነበረች። በጨርቅ የታሰሩትን ጣቶች ስታይ ባለችበት ቆመች። ሳጅኑ እንድትፈጥን አዝዞ ወደ ኮሪደሩ ዞረ። ልታስራት ስትል ብረቱ ሁለት ጊዜ አመለጣት። ኮች ራሷ ሁለት እጇን ዘርግታ እንዲመቻት አድርጋ ያዘችላት።

«ጉልበትሽ እንዴት ነው?» አለቻት ቀስ ብላ።

ልጅቷ ቀና አላለችም። «ሲበርድ ያመኛል።»

«ያን ወረቀት መፈረም አልነበረብኝም። ይቅር በይኝ።»

ልጅቷ የኮችን የሹራብ እጅጌ ሳብ አድርጋ በብረቱና በቆዳዋ መካከል አስገባችላት፤ ከዚያ ቆለፈችው። ይዛት ወጣች።

እኔ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተፈታሁ። ኮችን ያገኘኋት ዓመት አልፎ፣ መካኒሳ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። እናቷ እሷ ታስራ ሳለች አርፈዋል፤ የተቀበሩበትን ያሳየቻት ጎረቤት ናት። ጣቶቿ ተጣመው ስለዳኑ ኳስ ማቀበል አትችልም፤ ልጆቹን ዳር ቆማ በቃል ብቻ ታሠለጥናለች። ስለዚያች ፖሊስ ጠየቅኳት። ዳግም እንዳላየቻት፣ ይቅር እንዳለቻትም እንዳላለቻትም እንደማታውቅ ነገረችኝ።

አሁን ወደ ማስተማር ተመልሻለሁ። ቀደም ሲል ምክትል ርዕሰ መምህርት በነበርኩ ጊዜ እንዲባረሩ የፈረምኩባቸው ተማሪዎች አሉ። የአንዷ ቤት ከእኛ ሰፈር ዝቅ ብሎ ነው፤ ወደ ሥራ ስሄድ በደጃፏ አልፋለሁ። እስካሁን አላንኳኳሁም።